የረገበው ዜማ

ኖሪን የወርክሾፑን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ዜማው ብቻውን ይዞራል። የባንድ ጓደኛዋ ሌስተር በጀርባው ተዘርሯል፤ ማይኩ በቀኝ እጁ ነው። ከራስጌው ትልቁ ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖው፣ ቀይ መብራቶቹን እያርገበገበ ያቺኑ አጭር ዜማ ይደጋግማል፤ ባለቤቱ መሞቱን ማን ይንገረው።

መጮኽ ነበረባት፤ አልጮኸችም። አንገቱን ዳሰሰች፣ ቀዝቅዟል። ማሽኑን አጠፋች። ከዚያ ካቻቢቴ ፈልጋ የድምፅ ማደባለቂያውን የሚክሰሩን ስፒና ፈታች፤ በቅርቡ በገዛ እጇ ነቅላ ያወጣችውን የመሬት ሽቦ መልሳ አስገባችና ብሎኑን አጠበቀችው። ፖሊስ ጋ የደወለችው ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው።

ሽቦውን የነቀለችው ለክፋት አልነበረም። አሮጌ መሣሪያዎች እርስ በርስ ሲያያዙ እምም የሚል ድምፅ ያወጣሉ፤ ኖሪን ስትዘፍን ያ ድምፅ እንደ ዝንብ ጆሮዋ ሥር አይጠፋም። የመሬቱን ሽቦ ከስፒናው ሲያወጡት ጸጥ ይላል። ወጣት ሳሉ በከተማቸው በሼፊልድ ባንዶች ይህን ያላደረገ ሰው አልነበረም። ሌስተር ግን «ያ ሽቦ ነው ከሞት የሚያድነን፤ የሚነካው ሰው ከዚህ ቤት ይውጣልኝ» ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ አንዴ የያዘችውን የማትለቅ ሴት ናትና፣ እሱ ሻይ ሊያፈላ ሲወጣ ነቀለችው። አሁን ይኸው፣ ማይክ ጨብጦ ሞቷል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

ኢንስፔክተር ፓውላ ዊግፎል አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። መሐረቧን እጅጌዋ ውስጥ ወትፋ ክፍሉን ዞረችው። ቤቱ ድሮ ቢላ ይሳልበት የነበረ ነው፤ በትልቁ የብረት ጠረጴዛ ላይ አቧራው ወፍሯል፤ አንዱ ጥጉ ብቻ ይብረቀረቃል። እሱን ቆማ ብዙ አየችው። ከሟቹ ሽርጥ ኪስ የአቧራ ብሩሽ አወጣች። ከዚያ ተንበርክካ የሚክሰሩን ስፒና አገላበጠችው።

«ይሄ ብሎን ዛሬ ነው የተነካው፤ ጭረቱ ገና ያበራል። ማን ነካው?»

«ሌስተር ይሆናላ» አለች ኖሪን። ጉንጯ ጋለ።

«ይሁና። ዘፋኟ እርስዎ ነዎት፣ አይደል? እሱስ ይዘፍን ነበር?»

«ሌስተር? ኧረ ሲያልፍም አይነካው! እሱ ሲዘፍን በር የተዘጋባት ድመት ነው የሚመስለው። ማይኬንም ነክቶት አያውቅ፤ ‹የምራቅ ማጠራቀሚያ› ነበር የሚለው።» ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ አሳፈራት።

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ጨበጠው?»

ኖሪን ይህን አላሰበችውም ነበር። ጥፋቷን ታቅፋ ስለተቀመጠች ሌላ የሚታያት ነገር የለም።

የሌስተር ሚስት የቤሪል ቤት ከወርክሾፑ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ኢንስፔክተሯ ኩሽናዋ ውስጥ ስትጠይቃት ኖሪን አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።

«ትናንት እህቴ ጋ ውዬ ገብቼ፣ ድንች ልጬ ልክ ስጥድ ጀመረው» አለች ቤሪል። «ሲጀምር ደግሞ እንዴት ያስጠላ ነበር! የረገበ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ዜማ። ድንቹ ሊበስል እስኪደርስ እንደዚያው ቆየና ቀስ እያለ ተቃና። ከዚያማ ያንኑ፣ ያንኑ፣ ያንኑ! በመጥረጊያው እንጨት ግድግዳውን ደበደብኩት።» አፏን በእጇ ያዘች። «ያኔ ሞቶ ነበር እንዴ፣ ኖሪን? ሞቶ ተጋድሞ ‹ዝም አትልም አንተ ሽማግሌ!› አልኩት እኮ። እዚያው ሶፋው ላይ ማደር ይወዳል፤ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ ተኛሁ። ብቅ ብዬ እንኳ አላየሁትም።»

ኖሪን እጇን ልትይዛት ዘረጋችና መለሰችው። በየትኛው እጇ ልታጽናናት?

የባንዱ ሦስተኛ ሰው ትሬቨር ነው፤ የከበሮ ድምፅ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ሣጥን፣ የከበሮ ማሽኑ፣ የእሱ ነው። ከሃያዎቹ ዕድሜያቸው ጀምሮ ሦስቱ አብረው ነበሩ። አሁን ከስልሳ አልፎትም ያንኑ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፤ ዚፑ ሆዱ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል እንጂ።

«ትናንት ብቅ ብዬ ነበር» አለ ለኢንስፔክተሯ። «ሌስ ከጠዋት ጀምሮ ሲጫወት ነው የዋለው፤ ማሽኑ እንደ ምድጃ ግሏል። ሰላም ብዬው፣ እየተጫወተ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ መጠጥ ቤት የዳርት ውርወራ ስጫወት አመሸሁ፤ የፈለጉትን ሰው ይጠይቁ። ዜማው ከወጣሁም በኋላ እንደነበር ቤሪል ትነግርዎታለች።»

ሲወጣ ኖሪንን ግቢው ውስጥ አገኛትና ትከሻዋን አቀፋት። «አይዞሽ እመቤቴ። የሽቦውን ነገር ከእኔ አፍ አይሰሙትም። ሰው ይሳሳታል።»

ደግነቱ አስለቀሳት። ቤቷ ገብታ የሥጋ ፓይ አሞቀች፤ ሳትቀምሰው ተወችው። የቤሪል ፊት ከፊቷ አይጠፋም። ኮቷን መልሳ ለበሰችና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«ሽቦውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ወንበር እንኳ ሳትይዝ። «ሞቶ ሳገኘውም መልሼ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ማሽኑንም አጥፍቻለሁ። እሰሩኝ።»

ዊግፎል አፍንጫዋን ተናፈጠች። «ማስረጃ መነካካትዎ ጥፋት ነው፤ እሱን እመዘግበዋለሁ። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ሽቦውን ማውጣትዎን ማን ያውቃል?»

«ለትሬቨር ነግሬዋለሁ። ለእሱ ብቻ።»

«ነገ ጠዋት እርስዎም ትሬቨርም ወርክሾፑ ትመጣላችሁ። ቤሪልም ይምጡ። ማሽኑን የእኔ ሰዎች ይጠብቁታል፤ ማንም አያበራውም።»

በማግስቱ ተሰበሰቡ። ቤሪል ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ትሬቨር የከበሮ ማሽኑን ተደግፎ ቆመ፤ ኖሪን በሩ አጠገብ ቀረች።

«ከሽቦው ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ኖሪን ከሚክሰሩ ላይ የመሬቱን ሽቦ አውጥተው ነበር።»

ቤሪል ቀና ብላ ኖሪንን አየቻት። ኖሪን ዓይኗን አልሰበረችም፤ ይህን እይታ እንኳ ልቀበል አለች በልቧ።

«የኤሌክትሪክ ባለሙያችን እዚህ ያለውን ዕቃ ሁሉ ፈታትቶ አይቷል። የመሬት ሽቦ የሚያድነው ሌላ ነገር ሲበላሽ ነው። እዚህ ምንም የተበላሸ፣ ምንም የሾለከ ኤሌክትሪክ የለም። ሐኪሙም ይህንኑ ነው የሚለው። ሌስተርን የገደለው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰብሯል።»

ኖሪን የበሩን እጀታ ያዘች።

«ሲወድቅ ነዋ የተሰበረው» አለ ትሬቨር።

«በወደቀበት የእንጨት ወለል ላይ የደም ጠብታ የለም። ይሄ የብረት ጠረጴዛ ግን አቧራ ለብሶ አንዱ ጥጉ ብቻ ተወልውሏል፤ ከስንጥቁ ውስጥ የሌስተር ደም አግኝተናል። እዚህ ጋ ነው የተመታው። ወደ ማሽኑ ጎትቶ የወሰደው፣ በሕይወቱ ነክቶት የማያውቀውን ማይክ ያስጨበጠው ሌላ ሰው ነው። ኤሌክትሪክ ገደለው እንዲባል።»

«ዜማውስ?» አለች ቤሪል። «እየተጫወተ ነበር እኮ!»

«አሁን እንስማው።»

ዊግፎል ማብሪያውን ተጫነች፤ ዜማውን ይዞ ራሱ የሚደጋግመውን ሳጥንም አስነሳች። የወጣው ድምፅ የላላ ክራር ይመስል ነበር፤ አንዱ ኖታ ወርዶ ሌላው ተጣሞ። ኖሪን ፊቷን አጨማደደች። ቤሪል ጆሮዋን ይዛ ተነሳች።

«እሱ ነው! እንደዚህ ነው ያደረገው! አጥፉልኝ!»

ኢንስፔክተሯ አላጠፋችም። ወደ ትሬቨር ተመለከተች፤ ኖሪንም ዓይኗን ተከትላ አየች። ትሬቨር በጣቱ የጃኬቱን ኪስ መታ፣ መታ፣ መታ ያደርጋል። ምቱ ልክ ነው። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ የሚረብሸው ነገር አልሰማም።

«እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ቀዝቅዞ ሲነሳ ቅኝቱ ይረግባል» አለች ዊግፎል። «ሌስተር ሁልጊዜ አብርቶት፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሞቆ ሲጸና ቃኝቶ ነው የሚጀምረው። ኖሪንም ቢሆኑ ሳይሞቅ አያስነሱትም፤ ጆሯቸው አይችለውም። በዚያን ቀን ሌስተር እያጸዳው ነበር እንጂ አላበራውም፤ ብሩሹ ኪሱ ውስጥ ነው የተገኘው። ታዲያ ቀዝቃዛውን ማሽን አስነስቶ የሄደ ሰው ማነው? መሣሪያው ተቃኝቶ የማያውቅ ሰው። የከበሮ ማሽን ብርድም ሙቀትም ያው ነው፤ መምታት ብቻ ነው ሥራው። ትሬቨር፣ አንተ ‹ማሽኑ እንደ ምድጃ ግሏል› አልከኝ። የጋለ ማሽን እንዲህ አይረግብም።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ትሬቨር። ጣቱ ግን ቆሟል።

«የሽቦውን ነገር ኖሪን የነገሩት ላንተ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ደግሞ ደውለህ ‹ሽቦ የነካካ ሰው አለ፤ ጓደኛዬ ስለሆነች ስሟን አልጠራም› ብለኸኛል።»

ኖሪን ግቢው ውስጥ ያቀፋትን ክንድ አየች። ለካ እሷን ለማስበላት ነው።

«ትሬቭ» አለችው። «እኔን?»

ትሬቨር የከበሮ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ።

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ። «ለበጋው ኮንሰርት በእኔ ቦታ ኮምፒውተር እንደሚያደርጉ ነገረኝ። ‹እጅህ ዘግይቷል፣ ትሬቭ› አለኝ። ዕድሜ ልኬን! ገፈተርኩት፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ተንጋለለ።» ወደ ኖሪን ዞረ። «ሳልገፈትረው በፊት ደግሞ ‹ኖሪን አታውቅም፤ ብታውቅ ታለቅሳለች፤ የወሰንኩት እኔ ነኝ› አለ። አንቺን ሊያድንሽ ዋሽቶ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። በአንቺ ላይ ላሳብበው የቻልኩት ለዚህ ይሆን? እኔ እንጃ።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ኖሪን ከበሩ ዘወር አላለችም፤ ማለፊያ አጥተው ቆሙ።

«ሌስተር ‹ኖሪን አታውቅም› ብሎ የዋሸው ለእኔ ሲል ነው» አለች። «ትሬቨር ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ‹ወይ እሱ ወይ እኔ› ብዬ ሌስተርን አስጨነቅኩት፤ ራሴ ልነግረው ፈርቼ እሱን ላክሁት። ሌስተር እምቢ ብሎኝ ነበር። እኔ አልተውም አልኩ።»

ትሬቨር አንገቱን ደፋ። ኖሪን መንገድ ለቀቀች።

«ይሄ በሕግ የምጽፈው ነገር አይደለም» አለች ዊግፎል በቀስታ።

«አውቃለሁ። ቢጻፍ ይሻለኝ ነበር።»

ማሽኑ ሞቆ ዜማው ተቃንቷል፤ ጥርት ብሎ ይፈስሳል። ቤሪል ሄዳ በገዛ እጇ አጠፋችው። ከዚያ ከኖሪን ፊት መጥታ ቆመች። ለመማታት ይሁን ለማቀፍ ኖሪን አላወቀችም፤ ለሁለቱም ቆመችላት።

«አንቺ አልገደልሽውም» አለች ቤሪል። «ግን ዛሬ ቤቴ አትግቢ። ዛሬ ላይሽ አልችልም።»

«እሺ፣ ቤሪል።»

ቤሪል በሩን አልፋ ግቢው መሃል ስትደርስ ቆመች፤ ዞራ ግን አላየቻትም።

«ለቀብሩ የሚዘፍን ሰው የለኝም» አለች። «ነገ ነይ።»