ሁለተኛው ትርታ

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አቃቂ ውስጥ ከአባቴ እህት ከእትዬ አስካለ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር፣ ከሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም። እመኑኝ፣ ስለ መንፈስ ሲወራ እንኳን ላምን ሆዴን ይዤ የምስቅ ልጅ ነበርኩ።

እትዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ልቧ አንዴ እየዘለለ አንዴ እየቆመ አስቸገራትና፣ የፋብሪካው ክሊኒክ ድሬሰር በቀን አንድ የምትዋጥ ኪኒን ሰጣት። ለኔ ደግሞ የእጅ ሰዓት አውሶ፣ ጠዋት ጠዋት ከመስጠትሽ በፊት የእጇን ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፣ ከስልሳ ካነሰ እንዳትሰጫት፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ከታያት ሮጠሽ ጥሪኝ አለኝ። እኔም ዶክተር የሆንኩ መሰለኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ። እትዬ ኪኒኑን ከእጄ ትቀበልና የዋጠች መስላ ለካ ትራሷ ሥር ትደብቀዋለች፣ ጾም ሳይፈታ እንዴት መድኃኒት እቀምሳለሁ ብላ። ቅዳሜ ጾሙ ላላ ሲል፣ ያለፈኝን ላካክስ ብላ ከሰኞ እስከ ዓርብ የደበቀቻቸውን አምስቱንም ባንዴ ዋጠቻቸው።

እሑድ ጠዋት ፋብሪካው ዝም ብሏል፣ የማሽን ድምፅ ለለመደ ሰው ያ ዝምታ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ። በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ሲጢጥ አለ፣ ዞር ብዬ ሳይ ባዶ ነው። እትዬ ግን እሱኑ እያየች፣ ይቺ ቢጫ የለበሰች ሴትዮ መቼ ገባች አለችኝ። መድኃኒቱ ነው ብዬ እጇን ይዤ ቆጠርኩ፣ አርባ ስምንት። ልትሞትብኝ ነው አልኩ፣ ብቻዬን ልቀር ነው።

ልሮጥ ስነሳ፣ "የሷንም ቁጠሪላት እንጂ፣ እጇን ዘርግታልሽ ዝም ትያታለሽ? ነውር ነው" አለችኝ።

ላረጋጋት ብዬ ከበርጩማው በላይ ባዶ አየር ላይ ጣቶቼን አኖርኩ። ቀዝቃዛ ቆዳ ነካሁ። ከሥሩ ይመታል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይዛነፍ። ሞኝነቴን እዩልኝ፣ ሰዓቱን እያየሁ ቆጠርኩ፣ ስልሳ ሁለት።

"ደህና ናት?" አለች እትዬ።

"ደህና ናት" ብያት በረርኩ።

ድሬሰሩ መጥቶ የኪኒኑን ነገር አወጣጣት፣ ለጊዜውም አስቆማት፣ ከቀናት በኋላ ዐይኗ ጠራ። ሴትዮዋ የመድኃኒቱ ሥራ ናት አለኝ፣ ይሁን፣ እኔ ግን ኪኒን አልዋጥኩም። ጣቴ የነካውን ስነግረው፣ ፈርተሽ የራስሽን ትርታ ነው የቆጠርሽው አለኝ። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ሲል የኔ ትርታ እንዴት ስልሳ ሁለት ይሆናል?

እትዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ስትተኛ ግን ግድግዳውን ተጠግታ፣ የአልጋዋን ግማሽ ባዶ ትታ ነበር። እኔን እዚያ ተኚ ብላኝ አታውቅም።