በጎመኑ መደብ ላይ የወጣው የጠንቋይ ቅቤ

ዶርቴ ሞታ የተገኘችው በጎረቤቷ በኢንድሪኪስ ጓሮ፣ በጥቅል ጎመኑና በአደንጓሬው መካከል ነበር። በሕይወት ሳለች በሯን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ጠፍቶ፣ በሞተች ማግስት የቪድዜሜ አውራጃ ገበሬ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሊያያት መጣ። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ!

ኢንስፔክተር ብሬንጺስ በጋሪ የደረሰው ገና በማለዳ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ያስጠላዋል፤ ሥራ በጠራው ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ይነሳል።

የቀበሌው ፖሊስ ሩዶልፍስ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለው። «ጌታዬ፣ ባይደክሙም ነበር። ገዳዩን ይኸው ይዤዋለሁ» አለ። ኢንድሪኪስ በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ኩርምት ብሏል። «እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ‹ጓሮዬን ብትረግጪ ራስሽን ነው የምፈልጥሽ› ብሏታል። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሬሳዋ አጠገብ ቆሞ ተገኘ። ዛሬ ከሰዓት በባቡር ወደ ሪጋ እልከዋለሁ። ዕድሜ ልክ እስራት ነው የሚፈረድበት።»

«ምን አድርጋው ነው?»

«ክረምት ላይ የእሱና የሚስቱ ሕፃን ልጅ ሞተ፤ አሁን ደግሞ ከላሞቻቸው አንዷ ነጠፈች። ሁሉንም በዶርቴ አሳበቡ።»

ሬሳው ጎተራ ውስጥ ነበር። የራስ ቅሏ ከኋላ ተሰንጥቋል። ከጎኗ ባዶ ኩባያ፣ በቀኝ መዳፏ ላይ ደግሞ ቢጫ ነገር ተለቅልቆ ደርቋል።

«ይሄስ?»

«የጠንቋይ ቅቤ ነዋ!» አለ ሩዶልፍስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ። «ጠንቋይ የሰው ላም ወተት ጠጥታ ስትጠግብ የምትተፋው ነው ይላሉ። ጥቂቱን በአካፋ ዝቆ ምድጃ ውስጥ መጨመር ነው። የላከችው ሴትዮ አንጀቷ ይቃጠልና ‹እባካችሁ አንድ ነገር አበድሩኝ› እያለች ትመጣለች። ቀድማ የመጣችው ሴት ጠንቋይዋ ራሷ ናት።»

«አንተም ታምናለህ?»

«እኔማ የመንግሥት ሰው ነኝ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን በእጄ አልነካውም።»

ብሬንጺስ ወደ ጓሮው ሄደ። ኢንድሪኪስ ከእንጨት መሰንጠቂያው ያመጣውን ሰጋቱራ በየመደቡ አልብሶታል፤ ሰሞኑን የጣለው ዝናብ አርሶታል። ሬሳው በነበረበት ቦታ ነጭ ቅርፊት ቀርቷል፤ በእንጨት ሲነካው ጥቁር ብናኝ ቦነነ። በሚቀጥለው መደብ ላይ ግን ሌላ፣ ገና ሌሊት የወጣ፣ ቢጫና ዝልግልግ ነገር ተንሰራፍቷል። ጣቱን ሰደደበት። ጣቱ ልክ እንደ ሟቿ መዳፍ ቢጫ ሆነ።

በርጩማ አስመጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ጎመን ሊጠብቁ ነው?» አለ ሩዶልፍስ።

«ሰዎቹን አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

ኢንድሪኪስ ካቴናው እየተንቋቋ መጣ። «ተሳድቤያለሁ፤ አልዋሽም። ግን አልነካኋትም። ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጋር በጋሪ ወጣን፤ ወተት መረከቢያው ዘንድ አረፈድኩ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ያ ነገር እንደ ደረቀ ኖራ ሆኖ አየሁት፤ በቡት ጫማዬ ስረግጠው ጥቁር አቧራ አጨሰ። ቀና ስል እግሯን አየሁ።»

እናቱ እማማ ሊዜ ክፉኛ ጎብጣለች። «እኔም ከወተት መረከቢያው ከተማ ያለች ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ማታ ነው የተመለስኩት» አለች። «ዶርቴ… በልጅነታችን አብረን ዝይ የጠበቅን ነን ልጄ።»

በመጨረሻ የኢንድሪኪስ ሚስት አልማ መጣች፤ ዓይኗ በልቅሶ አባብጧል። «ባሌን ልቀቁልኝ! እሱ ዝንብ አይገድልም! እኔ ከጠዋት ጀምሮ ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስመጣ እሱ ክው ብሎ ቆሟል፣ እሷ ወድቃለች፣ ያ ቢጫ ደግሞ አጠገቧ እንደ እንቁላል አስኳል ይፈሳል።»

«እንደ አስኳል?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጌታዬ!»

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ብሬንጺስ ከበርጩማው አልተነሳም። ቢጫው ቀስ እያለ ፈዘዘ፤ እኩለ ቀን ሲሆን ነጭ ቅርፊት ሆኖ ቁጭ አለ። ዳግመኛ ሲነካው ጣቱ ላይ የቀረው ጥቁር ብናኝ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ተነስቶ የእነኢንድሪኪስን ማድቤት ተመለከተ፣ ወደ ወተት መረከቢያው ስልክ አስደወለ፣ ከዚያም ብቻውን ወደ ዶርቴ ጎጆ ሄደ። እዚያ ሁለት ወንበር አገኘ፤ አንደኛው አቧራ ለብሷል። የራሱ ቤት ትዝ አለው።

ሁሉንም እነኢንድሪኪስ ማድቤት ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ይህ ነገር ሌሊት ይወጣል፣ ማለዳ ቢጫና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል» አለ። «ዶርቴ ስትወድቅ መዳፏ ያረፈው እርጥቡ ላይ ነው። ስለዚህ የሞተችው ማለዳ ነው። ማለዳ ኢንድሪኪስና እማማ ሊዜ ወተት መረከቢያው ዘንድ ነበሩ፤ ሰዎቹ አረጋግጠውልኛል። ኢንድሪኪስ እኩለ ቀን ላይ አየሁ ያለውም ደረቁን ነው፤ እውነቱን ነው።» ወደ ምድጃው ዞረ። «እዚህ ቤት ጥላሸት ያልነካው ዕቃ የለም። አመድ የሚዛቅበት አካፋ ግን በአሸዋ ታሽቶ ታጥቧል። አመድ መዛቂያ ወንዝ ወስዶ የሚያጥብ ማን ነው? ቢጫውን እንደ አስኳል ሲፈስ አየሁ ያልሽው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ፣ አልማ። እንደዚያ ሆኖ የሚታየው በማለዳ ነው።»

ኢንድሪኪስ ሚስቱን አየ።

«ካቃጠልኩት በኋላ ምድጃው እንኳ ገና አልበረደም ነበር!» ብላ አልማ ጮኸች። «ሌላ ልጨምር ብዬ አካፋዬን ይዤ ጓሮ ስወርድ ኩባያ ይዛ መጣች! ጨው አበድሪኝ አለች! ልጄን የበላች እሷ ካልሆነች ለምን መጣች?»

«የጨው ማሰሮዋ እስከ አፉ ሙሉ ነው» አለ ብሬንጺስ። «ዱቄቱም ስኳሩም አለ። አይቼዋለሁ። ያንንም ነገር ማንም አልላከብሽም። ሰጋቱራ ሲርስ እንደ ሻጋታ በቅሎበት የሚወጣ ነው፤ ሰጋቱራውን ያመጣው ባልሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣች?»

የመለሰችው እማማ ሊዜ ነበረች። «ሰው ናፍቋት ነዋ! ልጁ ከሞተ ወዲህ በር ዘጋንባት። የሚጎድላት ነገር ካልፈጠረች በየት ትግባ? የማቃጠሉን ነገር እሷም ከእኛ እኩል ታውቀዋለች። ግን በዚያ ጠዋት እሳቱ መንደዱን ማን ይንገራት? የሚያናግራት የለ! እኔም አፌን ዘግቼ ከረምኩ፣ ወይኔ!»

ሩዶልፍስ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከኢንድሪኪስ እጅ ፈታ። አልማ ማንም ሳያዛት ሁለት እጇን ዘረጋች። ብሬንጺስ ጋሪው ድረስ አብሯት ሄደ።

«ጨው ከመጠየቋ በፊት ሌላ ያለችሽ ነገር አለ?» አላት ዝግ ብሎ።

«‹ደህና አደርሽ ወይ፣ አልማ?› አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አልመለስኩላትም።»