ዝቅ ያለው አግዳሚ

አግዳሚያችንን ያገኘሁት ጂንካ፣ ትልቁ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ሽማግሌያቸው አቶ ተፈሪ ተቀምጠውበት።

ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ነው። ረጅም ሰው ናቸው፣ አግዳሚው ደግሞ ዝቅ ያለ። አጠገባቸው ያሉት ሁለት ሽማግሌዎችም እንደ እንቁራሪት ተጣጥፈዋል። እኔ ለኳየራቸው የሰፋሁትን ልብስ ታቅፌ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ግቢ እንጂ ውባየሁ! ልብሱ አለቀ?»

«ይሄን አግዳሚ ማን አመጣው?»

«ነጋሽ ነዋ። ትናንት። አልነገረሽም እንዴ?» አቶ ተፈሪ ሊነሱ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። «እሁድ እንኳን ደህና መጣችሁ ልንላችሁ ነው እኮ። ሁለታችሁንም።»

ሁለታችሁንም። ልብሱን ወለሉ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ይሄ ለምን እንደሚያቃጥል የሚገባው የእኛን ቤት ሥርዓት ለሚያውቅ ነው። ባጭሩ ልንገራችሁ።

ጸሎት ቤታችን ከጂንካ በላይ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ እንሰት መሃል ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ያስተማሩን ፈረንጆች ጳጳስ የላቸውም፤ ተሐድሶ ነን ይላሉ። ሽማግሌዎቻችሁን ራሳችሁ ምረጡ፣ ከቃሉ በላይ አለቃ የላችሁም አሉን። የእኛ ሰዎች እሺ ብለው ከራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩበት። እያንዳንዱ ቤተሰብ አግዳሚውን ሠርቶ ያስገባል። ልጅ ሲያጭ አግዳሚ ይሠራል፤ አግዳሚው ከገባበት እሁድ ጀምሮ ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። ሠርጉ በኋላ ይደርሳል። ጉባኤውን የሚለቅም አግዳሚውን ተሸክሞ ይወጣል። ፊርማ የለም፣ ንግግር የለም። አግዳሚ የሌለው እንግዳ በሩ ሥር ሰሌን ላይ ይቀመጣል።

ያላገባች ሴት የራሷ አግዳሚ የላትም። እናቷ ጎን ነች።

ነጋሽን የተዋወቅኩት በግንባሬ ነው። የእትዬ ዙህራ ሱቅ በረንዳ ላይ በስፌት መኪና እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት በአውሮፕላን ሜዳው አቋርጬ ስሄድ ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ዳኮታው ሊያርፍ ነው። ሰው ሁሉ ከብቱን እየነዳ ይሮጣል። ከፊቴ ጣውላ የተሸከመ ልጅ አውሮፕላኑን ለማየት ዞር አለ። ጣውላውም አብሮት ዞረ።

«አላየሁሽም!» አለ።

«ከኋላህ ዓይን የለህማ። ጣውላ ግን አለህ።»

«ደማሽ?»

«አበጥኩ። ሂድ፣ አውሮፕላኑ ይገጭሃል።»

አልሄደም። ጣውላውን ሣሩ ላይ ጥሎ ግንባሬን አየ። ከዚያ ግንባሬን ትቶ ዓይኔን። እኔም ቆምኩ፤ ለምን እንደቆምኩ እንጃ። ዘበኛው ከዳር ጮኸ፦

«አንተ! ፍቅርህን ከሜዳው ላይ አንሳልኝ!»

የቀይ አፈር ከተማ ልጅ ነው። እናት አባት የለውም፤ አናጢ። በማግስቱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ በረንዳው ላይ መጣ። ቀጥሎ የተቀደደ ሸሚዝ። ቀጥሎ ያንኑ ሱሪ።

እትዬ ዙህራ ቀዳዳውን በጣቷ መረመረች። «ይሄ በመጋዝ ነው የተቀደደ። ውባየሁ፣ ልጁ ሳይራቆት አግቢው።»

እሁድ እሁድ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ይዘምራል፤ ወፍራም ድምፅ አለው። ዞር ስል ዓይኑን ይሰብራል። ስመለስ እንደሚያየኝ አንገቴ ያውቃል።

እኔ አጭር ነኝ። በእናቴ አግዳሚ ላይ እግሬ መሬት ነክቶ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሞልቶኝም ይንጠለጠላል። ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፣ እሱ ግን አየው። አባቴን ለምኖ እሺ ከተባለ በኋላ አንድ ቀን በረንዳው ላይ መጥቶ ተንበረከከ።

«እግርሽን መሬት አስነኪ።»

«ምን ልታደርግ?»

ከመኪናዬ ክር በጠሰና ከጉልበቴ እስከ ተረከዜ ለካ። እጁ አልነካኝም። ክሩ ብቻ።

«ድንክ አግዳሚ ልትሠራ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን አገባው። ስብከቱ እስኪያልቅ እግርሽ ተንጠልጥሎ ማየት አልችልም።»

መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ፤ ክር እንደሌለው ያየሁት በኋላ ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት አስገባው። ዋንዛ ነው፤ ሲነኩት እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። አባቴ ኤርጎ የጉባኤው ታላቅ ሽማግሌ ነበር። ተቀመጠበት፣ ጉልበቱ አፍንጫው ጋ ሲመጣ ሰው ሳቀ።

«አትሳቁ» አለ። «የተሠራው ለልጄ ነው።»

ፈረንጆቹ ቀድመው በስልሳ ዘጠኝ ወጥተዋል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ጂንካ ያሉት ትልልቆቹ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ተዋሃዱ። አንድነት ተባለ። ጸሎት ቤት ሁሉ በአንድ ቢሮ ስም ይሁን፣ ሰባኪ ከቢሮ ይመደብ፣ ሽማግሌም ቢሮ ያጽድቀው አሉ። አቶ ተፈሪ ይሄን ይዘው ዳገቱን ወጡ።

«ጋብቻ ከሆነ» አለ አባቴ «መጀመሪያ ሙሽራዋን መጠየቅ ነበር።»

«ጋሽ ኤርጎ፣ ዘመኑ ክፉ ነው። ብቻችሁን ብትቀሩ ቀበሌው ይውጣችኋል።»

«የሚውጠን ማን እንደሆነ ገና አለየም።»

እኛና ከታች መንገዱ ላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ጉባኤዎች ብቻችንን ቀረን። አንድነቶቹ ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩና መላ መጣ፦ ከእነዚህ ጉባኤዎች አንድ ቤተሰብ እንኳ ወደ አንድነት ከመጣ፣ ጉባኤው ተከፍሏልና ጸሎት ቤቱ የአንድነት ነው። አንድ ቤተሰብ ይበቃቸዋል።

አባቴ ይሄን በሰማ እሁድ ስብከቱን ተወው። እያንዳንዱ ሰው እጁን አግዳሚው ላይ ያድርግ አለ። አደረግን። ከጉባኤው እንደማናወጣው ቃል ገባን። ነጋሽ እጁን አግዳሚው ላይ አላደረገም፤ አግዳሚው ላይ ባለው እጄ ላይ አደረገው። ሲነካኝ የመጀመሪያው ነው። ሞቆኝ ጸሎቱን አልሰማሁም።

ከዚያ ነው እንግዲህ አቶ ተፈሪ ተቀምጠውበት ያገኘሁት። የሚፈልጉት አንድ ቤተሰብ እኔ ነበርኩ።

ነጋሽን ከአንድነቱ ግቢ ጀርባ አገኘሁት። ጣውላ ይልጋል። ሲያየኝ መላጊያው ቆመ።

«ውቤ... ልነግርሽ ነበር።»

«ስታወጣው ማን አየህ?»

«ማንም። ሰው እርሻ ላይ ነበር።»

«እንደ ሌባ።»

«ስሚኝ። የዚህን ቤተክርስቲያን በርና መስኮት በሙሉ ለእኔ ሰጡኝ። የዓመት ሥራ ነው። እዚያ ጋ ደግሞ፣ አየሽው? ሁለት ክፍል ቤት። ለእኛ ነው። ለእኛ ብዬ ነው።»

«የአባቴን ቤት ነጥቀህ ለእኔ ቤት ልትሰጠኝ?»

«ማን ነጠቀ? አንድ እንሁን ነው ያሉት። ክርስቶስ አንድ አይደለም?»

«ክርስቶስ አግዳሚ አልሰረቀም።»

«እኔ የሠራሁት ነው እኮ!»

«ለማን?»

ዓይኑ ወርዶ እግሬ ላይ ቀረ። የጣውላውን ፍቅፋቂ በጫማው ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ።

«ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኛለሽ» አለ።

«ስለምታውቅ ነው ያልጠየቅከኝ።»

«እወድሻለሁ እኮ ውቤ።»

«አውቃለሁ። የባሰውም እሱ ነው።»

እጁን ዘረጋ። ያንኑ እጅ። ወደ ኋላ ሄድኩ።

ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። አባቴ ቀፎ እያሰረ ነበር። ነገርኩት። ሁሉንም ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም አባዬ።»

«እሺ» አለና ልጡን ጠበቅ አደረገ።

አመነኝ። ግን ጠየቀኝ። ይሄንንም ከነጋሽ ጥፋት እቆጥረዋለሁ።

እሁድ ጠዋት አቶ ተፈሪ ከቀበሌ ዘበኛ ጋር፣ ጓጉንቸር ቁልፍ ይዘው መጡ። ጸሎት ቤቱ ባዶ ነበር። ገና ሲነጋ ሰው ሁሉ አግዳሚውን ተሸክሞ ወጥቶ፣ ከቤታችን ጀርባ ሾላው ሥር ደርድሮታል። በዚያው በውስጥ በነበረበት ተራ። እናቴ አስካለ መዝሙሩን ጀምራለች። የእኛ ቦታ ክፍት ነው። ጎረቤታችን ቦሼ አግዳሚውን ስቦ ሊደፍነው ሲል አባቴ ከለከለው።

«ተወው ቦሼ። ባዶ ይሁን።»

አቶ ተፈሪ መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ሰው አይደሉም አልልም።

«ጋሽ ኤርጎ፣ የቤቱን ቁልፍ ቢሰጡን።»

«ቁልፍ ኖሮን አያውቅም» አለ አባቴ።

እኔ እናቴ ጎን ተመልሻለሁ። እግሬ ተንጠልጥሏል።

የሆነው ይሄ ነው። ጸሎት ቤታችንን ቆልፈውት ሄዱ። አንድነትም ቢሆን አላዳናቸውም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ትልቁን ቤታቸውንም ቀበሌው ወሰደው። ነጋሽ የሠራቸው በሮች ላይ ማኅተም ተደረገ፤ ውስጡ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። እኛን የሚያሽግ አልተገኘም። ሾላ አይታሸግም። ሲዘንብ እንበሰብሳለን፣ ሲያባራ እንዘምራለን። አባቴ አንዴ ታስሮ ተፈታ። ከታች ያሉት ሁለቱ ጉባኤዎችም ቆዩ።

ነጋሽ ጂንካን ለቀቀ። እኔ አልጠየቅኩም፣ እትዬ ዙህራ ግን ከሾፌሮች ወሬ ትለቅማለች።

«ቱርሚ ሆቴል ሲሠራ ነበር አሉ። አሁን ወይጦ ነው። የሎሪ ካርሶኒ፣ ያን የጭነት ሣጥን፣ ይጠግናል።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። አላገባም ደግሞ አሉ።»

«እትዬ ዙህራ!»

«ለራሴ ነው የማወራው። አንቺ ስፊ።»

ያን ቀን አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት።

ለጋብቻ የሚጠይቁኝ ሰዎች መጥተው ነበር። አንዱ አስተማሪ ነው፣ ደግ ሰው። ከጉልበቴ በታች አላየኝም። እሱ ምን ጥፋት አለበት፤ ግን እምቢ አልኩ።

በሰማንያ ሦስት ደርግ ወደቀ። በሰኔ ጸሎት ቤታችን ተመለሰልን፤ ከጣሪያው ግማሹ የለም። አግዳሚዎቹን መልሰን አስገባን። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ በእጁ እየዳሰሰ ተራውን አስተካከለ። የእኛ ቦታ ጋ ሲደርስ ባዶውን አልፎ ቀጠለ።

በመጀመሪያው እሁድ መዝሙር ላይ ሳለን በሩ ጨለም አለ። ሰው ቆሟል፣ ትከሻው ላይ እንጨት አለ። መዝሙሩ ከበሩ በኩል ጀምሮ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ነጋሽ ነኝ ጋሼ።»

«ምን ተሸክመሃል?»

«የውባየሁን አግዳሚ።»

የእኛን አላለም። ከቀበሌው አዳራሽ አውጥቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት በትከሻው ተሸክሞ ነው የወጣው። የአግዳሚው አንድ እግር አዲስ ነው። ተሰብሮ ኖሮ ተክቶለታል፤ ቁመቱን ግን አልለወጠም። የእሱ ጆሮ ጋ ሽበት ገብቷል። ላብ ዓይኑ ውስጥ ይወርዳል፣ አይጠርገውም።

አባቴ ወደ በሩ ሄዶ እንጨቱን በእጁ ዳሰሰ። «ይቅርታህን ጉባኤው ይሰማልሃል» አለ። «አግዳሚውን ግን ባለቤቷን ጠይቅ።»

ነጋሽ ወደ እኔ አየ። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ አየ። በአገጬ ባዶውን ቦታ አሳየሁት።

አምጥቶ አስቀመጠው። ልክ ቦታው ነው። በእጅጌው ጠረገው። ያቺን እጅጌ አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ የጠቀምኳት።

ከእናቴ ጎን ተነሳሁ። ያላገባች ሴት አግዳሚ የላትም ይል ይሆናል ብዬ ሰዉን አየሁ። ቦሼ ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፈኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት ነካ። ዋንዛው እንደ ድሮው ለስላሳ ነው፤ የስንት ስብሰባ ሰው ተቀምጦበት እንኳ።

ነጋሽ ጎንበስ አለ። እኔ ብቻ እንድሰማ፦

«ልቀመጥ?»

እናቴ መዝሙሩን ካቆመችበት አነሳችው። በሩ ሥር ሰሌኑ ተነጥፏል፤ እሱም አየው፣ እኔም አየሁት።

አግዳሚው ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። ከዳሩ ተጠግቼ መሃሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ወደ ሰሌኑ ሄደ።