የማን ልብ ነው የሚመታው?

ሴትየዋን ከኩሽናው ወለል ላይ አንስተው ሆስፒታል ከወሰዷቸው አንድ ሰዓት ሆኗል። ወለሉ ላይ የቀረው የተበተነ ስኳር ነው። የደማቸው ስኳር ሲወርድባቸው ሊቅሙ ቆርቆሮውን ከፍተው፣ አንዲት ማንኪያ ሳይቀምሱ ወድቀዋል። እስካሁን አልነቁም።

ሰዓት ተሰረቀ ተብላ የተጠራችው የፖሊስ ሳጅን ስኳሩን ተሻግራ ሳሎን ስትገባ ጉድ ፈልቶ ጠበቃት። የሴትየዋ ልጅ የቤት ሠራተኛዋን ቦርሳ ምንጣፉ ላይ ገልብጣዋለች። ማበጠሪያ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ደብተር። ሰዓት የለም።

«ሸጣዋለች!» አለች ልጅቷ። «የእማዬ ስኳር ሲወርድ ከልብ ምቷና ከላቧ አውቆ እኔ ስልክ ላይ የሚጮህ ሰዓት ነው። ቢጮህ ኖሮ እደርስላት ነበር! እሰሪልኝ!»

«ኧረ በፈጠራችሁ! እኔው ነኝ እኮ ጮኼ ሰው የጠራሁት!» አለች ሠራተኛዋ እየተማጸነች።

አንጀት ትበላለች። ግን ከእሷ ሌላ ቤት የነበሩት ባልየው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ስበው ሶፋው ጥግ ኩርምት ብለዋል። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰው ምን ተብለው ይጠየቃሉ?

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። ያኔ አንድ ነገር ከነከናት።

«ሰዓቱ ከእጅ ሲወልቅ አይነግርሽም?»

«አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይነግረኛል።»

«ነገረሽ?»

ልጅቷ ፈዘዘች። «አልነገረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰላም ነው ሲለኝ ነበር።»

«እስቲ ስልኩን አምጪው።»

የልብ ምት፣ ሰማንያ ስድስት። ሳጅኗ ክው አለች። ሴትየዋ ሆስፒታል ባዶ እጃቸውን ተኝተዋል። ታዲያ ይሄ የማን ልብ ነው?

ስልኩን መዳፏ ውስጥ ይዛ ወደ ሠራተኛዋ ዞረች። «አንቺ ነሽ የወሰድሽው?»

«ልሙት! አልነካሁም!» ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«አባባ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ…»

መቶ አራት። መቶ አሥራ ስምንት።

«እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

ሰዓቱ አንጓቸው ላይ ነበር።

«አባዬ!»

«በጮኸ ቁጥር እናቴን ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ ትያለሽ» አሉ። «እኔስ? ይሄን ቤት ብቻዬን ምን ላድርገው? ዝም ቢልልኝ ብዬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የማንም እጅ የለበትም።»

ሳጅኗ ጣቶቻቸውን አየች። ይንቀጠቀጣሉ፤ አንድ ቦታ አይረጉም። ይቺን ቀጭን መቆለፊያ በነዚህ ጣቶች?

«አባባ፣ ማን አሰረልዎት?»

ይሄኔ ስልኩ ጠራ፤ ከሆስፒታል ነው። ሴትየዋ ነቅተዋል። ልጅቷ ስልኩን ከሳጅኗ ተቀብላ ሰዓቱ አባቷ እጅ ላይ መገኘቱን ነገረቻቸው።

«አባትሽን እንዳትቆጪው» አለ የደከመ ድምፅ። «እኔ ነኝ ያሰርኩለት። እሱን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ የሠራተኛዋን ዕቃ እየለቀመች ወደ ቦርሳው መለሰች። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለቻት፣ ቀና ብላ ማየት አቅቷት።

ተነሥታ ሰዓቱን ከአባቷ እጅ ፈታች።

«ይሄ እማዬ ጋ ይመለሳል» አለች። «ቤት የምቀይረው እኔ ነኝ።»