ልብሱን የተገፈፈው ቤት

ቤቱ ራቁቱን ቆሞ ነበር።

በለጠች ከለቅሶ ስትመለስ መጀመሪያ ሰፈር የተሳሳተች መሰላት። የድሬዳዋው ሳቢያን ያኔ ገና ብቅ ብቅ የሚል መንደር ነው፤ ጅምር ቤት ሁሉ ይመሳሰላል። በሩን አየችው። የእሷ ነው። መስኮቱን አየችው። የእሷ ነው። ጠዋት ትታው የሄደችው የድንጋይ ልባስ ግን የለም። ከበሩ ግራና ቀኝ ብሎኬቱ አግጥጧል።

«ኡ! ኡ! ግድግዳዬን ሰረቁኝ!»

ጎረቤት ግር ብሎ ወጣ። ፍየል ሲሰረቅ፣ ራዲዮ ሲሰረቅ ያየ ሁሉ ግድግዳ ሲሰረቅ አይቶ አያውቅምና ከማዘኑ በፊት ሳቁ ቀደመው።

ሃምሳ አለቃ ጥሩሰው ግን አልሳቀም። ከመንዝ ብርድ ተነሥቶ ድሬዳዋ ፖሊስ ጣቢያ ከተመደበ ወዲህ ሥራው የስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ማላብ ነበር። ደርግ ስብሰባ ይወዳል፤ ድሬ ደግሞ ሙቀት አታጣም። አሁን እውነተኛ ወንጀል እጁ ገባ። በልቡ «ተመስገን» አለ። ወዲያው የሴትዮዋን እንባ አየና አፈረ።

በለጠች ባሏ ከሞተ ጀምሮ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ሻይ ስታፈላ የኖረች ሴት ናት። ከኋላው መኖሪያ፣ ከፊቱ ሻይ ቤት የሚሆን ይህን አንድ ቤት ለማቆም ያልለመነችው ቢሮ የለም። ምርቃቱ ደርሷል። ሰው ሁሉ ተጠርቷል።

«ጠላት አለዎት?» አላት ጥሩሰው።

«ጠላት የለኝም። ያለኝ መካሪ ነው። ‹ቤቴን ምን ላልብሰው?› ብዬ አንድ ቀን አፌን ብከፍት ሰፈሩ ሁሉ መሐንዲስ ሆነብኝ። አንዱ ቆርቆሮ ይላል፣ አንዱ እንጨት ይላል፣ አንዱ ኖራ ይላል።»

ጥሩሰው ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን መረመረ። ሲሚንቶ በኮታ ስለሆነ ግንበኞቹ ማጣበቂያውን በአሸዋ አብዝተውታል። ገና አልደረቀም። ድንጋዩ በቀላሉ ተላቅቋል።

ሌባው ግን ምን ዓይነት ሌባ ነው? ብርቅ የሆነው ሲሚንቶ በከረጢቱ እንደተቀመጠ አለ። ቆርቆሮው አለ። አካፋው አለ። ይባስ ብሎ ደጁ ተጠርጓል! የወደቀው ፍርፋሪ ሁሉ ጥግ ላይ ተከምሯል።

«ጠርጎ የሚሄድ ሌባ!» አለ ለራሱ።

ከክምሩ ውስጥ አንድ የተሰበረ ጥርብ ድንጋይ አወጣ። ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቦርቡሯል። ቦዩ እንደ መስታወት ይለሰልሳል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጌጡ ነዋ! እሱን አይቼ አይደል የወደድኩት። ድንጋይ ሻጩ ጉግሳ ‹እንዲህ ያለ ጌጥ አገር ብትዞሪ አታገኚም› ብሎ ነው በመኪናው ያመጣልኝ።»

«በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ ሲፈርስ ያየ ሰው የለም?» ብሎ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ።

«ከምሳ በኋላ?» አለ አንዱ። «አቦ፣ ከምሳ በኋላ ድሬ ጫቷን ይዛ በርጫ ላይ ናት። ባቡሩን ቢሰርቁስ ማን ያያል?»

ጥሩሰው ከአጥሩ ማዶ ካለው ጎረቤት ጀመረ። አቶ በቀለ ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነው። በድንጋዩ ነገር ከበለጠች ጋር ሲጨቃጨቅ ሰፈር ሰምቶታል።

«ድንጋዩን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«አሁንም እጠላዋለሁ። የድሬን ፀሐይ ቀን ሲውጥ ውሎ ማታ ወደ ውስጥ የሚተፋ ድንጋይ ምኑ ይወደዳል? ሴትዮዋ እንደ ዳቦ ትጋገራለች አልኩ። ወንጀል ነው?»

«ጓሮዎ ውስጥ በሸራ የተሸፈነውስ?»

የበቀለ ፊት ቀላ። «እሱን ተወው።»

ጥሩሰው አልተወውም። ሸራውን ገለጠው። ጉድጓድ ነው። ውስጡ አንድም ድንጋይ የለም፤ እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ኖራ ብቻ።

«ሐሳቧን ከቀየረች ብዬ ነው» አለ በቀለ አንገቱን ደፍቶ። «ኖራ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ነው የሚበስለው። ስለዚህ አስቀድሜ ነከርኩት።»

«ለጎረቤት ብለው ይህን ሁሉ?»

«ለጎረቤት... ሽበት ያለው ሰው ልብ የለውም ያለህ ማነው? በእናትህ እንዳትነግራት!»

ጥሩሰው ሸራውን መልሶ ሸፈነው። ከዚያ ቀጥሎ ሙመድ ዘንድ ሄደ። ሙመድ ከጅቡቲ የሚመጣ ሴራሚክ ይሸጣል። «ድንጋይሽ ይወድቃል፣ ያኔ እኔ ጋ ትመጫለሽ» ብሎ በለጠች ላይ ዝቷል ተብሏል።

«ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«በርጫ።»

«ምስክር?»

ሙመድ ፈገግ አለ። «ወላሂ፣ የጣቢያ አዛዥህ። ቀኝ ጎኔ ነበር የተጋደመው። ጠይቀው አቦ!»

ጥሩሰው አልጠየቀም። አንዳንድ ምስክር ሳይጠየቅ ይታመናል።

በማግስቱ ጠዋት ተስፋ ቆርጦ በለጠች ደጅ ተቀመጠ። ሻይ አቀረበችለት።

«ወተት አይፈልጉም መሰለኝ። ቢፈልጉም የለም። ወተት የምታመጣልኝ ዳሃቦ ከቀረች ሰነበተች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ድንጋዩን መለጠፍ ከጀመርን ወዲህ። ጠዋት መጥታ ግድግዳውን አየች። ቦዩን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ዓይነ ውሃውን ያልወደደችው መሰለኝ።»

«አገሯ የት ነው?»

«ሐርላ፣ ያ የድሮ የድንጋይ ፍርስራሽ ያለበት ገጠር።»

ጥሩሰው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በቤቱ ጀርባ ዞረ። ትናንት የሰው ጋጋታ የነበረበት ደጅ ላይ ያጣውን ዱካ እዚያ አገኘው። ሰፋፊ የግመል ዱካ ነው። ሲመጣ ቀላል፣ ሲመለስ ጥልቅ። ደረቁን የወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ወደ ሐርላ አቅጣጫ ይሄዳል።

ጣቢያው ቤንዚን የለውም። መኪና ያለው ጉግሳ ነው። ጥሩሰው የተሰበረውን ድንጋይ ይዞ ሄደ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከድንጋይ ካባ።»

«ከየትኛው ካባ?»

«ሩቅ ነው፣ ብነግርህም አታውቀውም።»

«ጌጡን ማን ቀረጸው?»

«የራሴ ጠራቢ።»

«ጥሩ እጅ አለው። በል ሐርላ አድርሰን። ሌባውን ሳናገኝ አንቀርም።»

ጉግሳ መሪውን ጨበጠ፣ ለቀቀ። «ሐርላ? በዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም። መንገዱም ይጠፋኛል።»

«ግድ የለም፣ እየጠየቅን እንሄዳለን።»

በለጠችም አብራቸው ልትሄድ መጥታ መሐል ተቀመጠች። ከከተማ ወጡ። ትንሽ እንደተጓዙ መንገዱ ተከፈለ። የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ጥሩሰው ሆነ ብሎ ዝም አለ። ጉግሳ ማርሽ ቀየረ፣ ፍሬኑን ሳይነካ ወደ ግራ ታጠፈ። እንደገና ተከፈለ። አሁንም ታጠፈ። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ገና ከሩቅ፣ ለዓይን ሳይታይ፣ ሸሸው።

በለጠች ጥሩሰውን በክርኗ ጎሸመችው። እሱም መልሶ ጎሸማት።

ሐርላ ሲደርሱ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች መኪናውን አይተው ጄሪካናቸውን ጣሉ። «ማኪናን ዸጋ ዹፌ!» ተባባሉ። የድንጋዩ መኪና መጣ ማለታቸው ነው። ጉግሳ ሞተሩን ለማጥፋት ሲታገል ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

ሰው ተሰብስቦ የሚሠራው አንድ የድሮ የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ነው። ግማሹ አፍ ተገንብቷል፣ ግማሹ ፈርሶ ክፍት ነው። የበለጠች ግድግዳ ድንጋይ ተራውን ይዞ ይጠብቃል። አንዲት ሴት ባልዲዋን ለቀቀች። ገመዱ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ሰተት ብሎ ቦዩ ውስጥ ገባ።

ጥሩሰው ቆሞ አየው። ጠራቢ ያልቀረጸው ጌጥ ይህ ነው። የአያት የቅድመ አያት ገመድ ሲመላለስበት የበላው ነው። የያዘውን ስባሪ ወስዶ ግንቡ ውስጥ ካለው ድንጋይ ጋር ገጠመው። ልክ ገባ።

ዳሃቦ እጇን በሻሿ እየጠረገች መጣች። አልሸሸችም።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። ከወንድሞቼ ጋር። እነሱን ተው፣ እኔን እሰር።»

«ምነው ዳሃቦ!» አለች በለጠች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሱ ነግሬዋለሁ» ብላ ወደ ጉግሳ ጠቆመች። «‹ድንጋይ ላይ ስም አልተጻፈም› ብሎ ሳቀብኝ። ግንቡን ወስዶ ጉድጓዱ ክፍት ቀረ። ፍየል ገባበት። የእህቴ ልጅ ልትገባ ስትል በቀሚሷ ያዝናት። አንቺ ግን እዚያ ግድግዳሽ ስር ቆመሽ ስትስቂ አየሁሽ። ስንት ዓመት እንደዚያ ስትስቂ አላየሁም። ደስታሽን በአፌ ማፍረስ አቃተኝ። በእጄ ማፍረስ ቀለለኝ።»

«ደጄን ጠርገሽ!»

«ታዲያ የሰው ደጅ አቆሽሻለሁ? ነውር ነው።»

በለጠች ማልቀስ ፈልጋ ሳቅ ቀደማት። ሁለቱ ተቃቀፉ።

ጥሩሰው ወደ ጉግሳ ዞረ። «መንገዱን አላውቅም አልከኝ። ሁለት ጊዜ ተከፈለ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳትጠይቅ ታጠፍክ። የመንገዱን ጉድጓድ ሳታየው ሸሸኸው።»

ጉግሳ መኪናው ላይ ተደገፈ። «ነዳጅ በኮታ ነው አለቃ። ካባው ሩቅ ነው። ጠራቢ ደግሞ ያስጠብቃል። እዚህ ግን ተጠርቦ፣ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ‹የድሮ ፍርስራሽ ነው፣ ማን ይፈልገዋል› አልኩ።»

«ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ይፈልገዋል» አለ ጥሩሰው። «ሌባው አንተ ነህ። እሷ የወሰድከውን መለሰች እንጂ አልሰረቀችም። አንቺ ግን ዳሃቦ፣ ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ጣቢያ ነይ።»

«ከምሳ በኋላ?» አለች ዳሃቦ።

ሐርላ በሳቅ ተናወጠች።

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ብዙ አልዘገየም። የጉግሳ መኪና ጉድጓዱ እስኪጠናቀቅ፣ ከዚያም የበለጠች ቤት እስኪለብስ ከካባ ድንጋይ በነፃ እንድትጭን ተፈረደ። ጉግሳ በመጀመሪያው ቀን አኮረፈ። ሐርላ ላይ ወተት ከተጠጣ በኋላ ግን ራሱ ድንጋይ ማቀበል ጀመረ።

አሁን የቀረው የበለጠች ራቁት ግድግዳ ነበር። ሰፈሩ እንደገና ደጇ ላይ ተሰበሰበ። ቆርቆሮ ያለውን ሰው «መጥበሻ ውስጥ ልትከቷት ነው?» ብለው ዝም አሰኙት። እንጨት ያለውን ምስጥ አስታወሱት። ሙመድ እንኳ እውነቱን ተናገረ፦ «ሴራሚኬ ለውስጥ ነው። ውጭ ፀሐዩ ያላቅቀውና በኔ ይስቃሉ።»

በለጠች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠቻቸው። ከዚያ በጣቷ ግድግዳው ላይ መሥመር አሠመረች።

«ከመስኮቱ በታች አዲስ ጥርብ ድንጋይ ይሁን፤ ጎርፍ ቢመጣ፣ ወንበር ቢገጨው ይችላል። ከመስኮቱ በላይ በኖራ ይለሰን። ነጭ ፀሐይ ይመልሳል፤ ሻይ ቤቱም ቤቴም ይቀዘቅዛል። አለቀ!»

ጥሩሰው ከሕዝቡ መሐል በቀለን ፈለገው። ከኋላ፣ ኮፍያውን እየጠመዘዘ ቆሟል። ገፋ አድርጎ ወደ ፊት አወጣው።

«ኖራው... ተዘጋጅቷል» አለ በቀለ። «በደንብ የበሰለ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ኖራ እንደ ድንጋይ አይደለም። በየዓመቱ መታደስ ይፈልጋል።»

«በየዓመቱ!» አለች በለጠች። «ታዲያ አቶ በቀለ፣ ማን ያድስልኛል?»

«እኔ።»

«ዘንድሮ እሺ። ለከርሞስ?»

«ለከርሞም እኔ። ከዚያ በኋላም። ዕድሜ እስከሰጠኝ።»

ሙመድ ጉሮሮውን ጠረገ። ዳሃቦ አፏን በሻሿ ሸፈነች። በለጠች ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ሰውየውን አየች። ቤቱ ከተጀመረ ወዲህ በአጥር ማዶ «እንዴት አደሩ» ስትለው የኖረችውን ሰው እንደ አዲስ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«በቀለ» አለችው። ‹አቶ›ውም፣ ‹እርስዎ›ውም ቀረ። «ብሩሽህን ይዘህ ና። በበሩ ግባ።»

እልልታው ባቡር ጣቢያ ድረስ ተሰማ።