ሳይከፋፈል ተቀናሽ የለም

አዛውንቱ ነጋዴ ጊርዳርላል ሱራና፣ ኮልካታ ቡራባዛር ባለው ቢሯቸው፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ነጭ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የነበረው አሬራ መርዝ ነበረበት።

መርማሪዋ ሻርሚላ ጉሃ ስትደርስ ፖሊሶች ታናሹን ልጅ ፑክራጅን በካቴና አስረውታል። ትናንት አባቱ ላይ ሲጮህ ሁሉም ሰምቷል።

«ልጄ፣ እሱ አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም!» አሉ እናቱ ካንቻን፣ የመርማሪዋን ክንድ ይዘው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ሻርሚላ ፑክራጅን።

«የሻይ ኩባንያውን የምመራው እኔ ነኝ» አለ ፑክራጅ። «የትርፉን ድርሻ አባባ ለሚመሩት እናት ኩባንያ እልካለሁ። እሳቸው ደግሞ ይቆልፉበታል! ለባለአክሲዮኖች ቢያካፍሉት፣ ያካፈሉትን ያህል ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ይቀነስላቸው ነበር። ‹አንድ ሩፒ አይወጣም!› አሉኝ።»

የእናት ኩባንያውን ግብር የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ቪማል ፈገግ አለ። «ላም አለኝ ባይ! ሁልጊዜ ስለ ወተቷ ነው ወሬው። እኔ አባባን ከትናንት ማታ ወዲህ አላየኋቸውም።»

«ለመሆኑ በዚህ ትርፍ ላይ ስንት ግብር ትከፍላላችሁ?» አለችው ሻርሚላ።

«ምንም።»

ሻርሚላ የሒሳብ ሹሙን ዲሬንን ወደ ኮሪደሩ ወሰደችው።

«ጠዋት ባንክ እያለሁ ሽማግሌው ደወሉልኝ» አለ። «‹ትርፉ ይከፋፈል፤ ለልጆቹ ራሴ እስክነግራቸው ዝም በል› አሉኝ። ገና አሁን መድረሴ ነው።»

ባንኩ ዲሬን ከጠዋት ጀምሮ እዚያ እንደነበረ በስልክ አረጋገጠ። ሻርሚላ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ቪማል፣ ሕጉን ከሁላችንም በላይ አንተ ታውቃለህ። ሳይከፋፈል ተቀናሽ የለም። እስከ ትናንት ማታ አባትህ አላካፍልም ብለው ነበር፤ ስለዚህ መልስህ ‹ብዙ› መሆን ነበረበት። ሐሳባቸውን የለወጡት ዛሬ ጠዋት ነው። ዲሬን ለማንም አልተናገረም። ታዲያ ማን ነገረህ? ራሳቸው ናቸው። ዛሬ እዚህ ነበርክ።»

ቪማል ወደ አባቱ ፍራሽ ዞረ።

«‹ፑክራጅ ልክ ነው፤ ከእንግዲህ ቦታዬም የሱ ነው› አሉኝ። ያን ሁሉ ዘመን ግብሩን ሳቀልላቸው አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ከዚያ አሬራ አምጣልኝ አሉኝ። የአይጥ መርዙ ጓዳ ነበር።»

ካቴናው ከታናሹ እጅ ወደ ታላቁ ተዛወረ። ካንቻን ወደ ቪማል ሄዱና የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት።

«እህል ቀምሰሃል?» አሉት።

ፑክራጅ የተፈታ እጁን እያሻሸ ጠበቀ። እናቱ ወደሱ አልዞሩም። በካቴና የሚሄደውን ወንድሙን አየና ቀናበት።