ለሙጂብ ልብ

ዓፊያና ሙጂብ የተዋወቁት ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ የከሚሴ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እሱ አባቱ የሞቱበት የጨፋ ገበሬ ልጅ። በአንድ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ቢማሩም ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

«መስኮቱን ልክፈትልህ?» አለችው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው አይታ።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት አብረው ይወጡ ጀመር። ሙጂብ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው። ከእሷ ጋር ለመቆየት ሲል መስሏት ዓፊያ በልቧ ትደሰት ነበር።

አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ላይ ቁጭ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የልቡ ቧንቧ እንደጠበበ፣ ደሴ ያሉት ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል እንዳሉት፣ እናቱም አቅም እንደሌላቸው ነገራት።

«ለማንም እንዳትነግሪ። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

እጇን ያዘ።

መጋቢት ላይ ሙጂብ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረ። ዓፊያ ጨፋ ሮቢት ድረስ ሄደች። ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወስዶት አገኘችው፤ ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል።

«ሌሊቱንም እንዲሁ ነው ልጄ» አሏት እናቱ ሀዲጃ።

በማግስቱ ጠዋት ዓፊያ ለትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ክበብ ሁሉንም ተናገረች።

ተማሪው ለሕክምናው ገንዘብ ሊያሰባስብ ወጣ። አስፋልት ዳር መኪና አጠቡ። የክበቡ ሰብሳቢ ናሆም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመ፤ ሌሎቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ። ዓፊያ የሙጂብ ፎቶ የተለጠፈበትን ሳጥን ተሸክማ ሰንበቴ የከብት ገበያ ገባች። ድምጿ እስኪዘጋ ስሙን ጠራች። ግመል ሊሸጥ የመጣ አፋር «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቃትና መልሷን ሳይሰማ ብር ከተተ።

ከሁለት ወር በኋላ ገንዘቡ ሞላ፤ ሊያስረክቡት ሙጂብን በትምህርት ቤቱ ግቢ መድረክ ላይ አቆሙት። ሁሉም አጨበጨበ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሲወርድ ዓፊያ አጠገብ ደረሰ።

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር።»

«ልትሞትብኝ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ» አለና አለፈ።

አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ዓፊያ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ አብሽሪ፣ አታስቢ» ብቻ ነበር የሚላት። ሲመለስ ከተማው በሙሉ ተቀበለው። ባጃጆች ሂሳብ አንቀበልም አሉት። ገበያ ውስጥ የማያውቃቸው ሴቶች ደረቱ ላይ እጃቸውን እየጫኑ «የኛ ልብ!» ይሉታል። ኳስ ሲጫወት ያየው አንድ ሰውዬ «ለዚህ ነው እንዴ ያዋጣነው?» ብሎ ጮኸበት።

አንድ ከሰዓት ቦርከና ወንዝ ዳር ዓፊያን ቀጠራት።

«አንቺን መውደዴን አላቆምኩም» አላት።

«ታዲያ?»

«ሌላው ሰው ይጣላል፣ ያኮርፋል፣ ይታረቃል። እኔ አንድ ቀን ብቆጣሽ ከተማው ምን ይለኛል? እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ? ሳይሽ ሳጥኑ ነው የሚታየኝ።»

«እኔ እኮ ምጽዋት አልሰጠሁህም፣ ሙጂብ። ፈርቼ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ሳጥኑ አልለቀቀኝም።»

ዓፊያ እንዳይተዋት መለመን ፈለገች፤ ለእሱ ስትለምን ያልቸገራት አፍ ለራሷ እምቢ አላት። ሁለቱም አለቀሱ። በሳምንቱ ሙጂብ ማንም እሱን ወደማያውቅበት ወደ ኮምቦልቻ ሄዶ ፋብሪካ ተቀጠረ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ለዒድ በግ ልትገዛ ሰንበቴ የወረደችው ዓፊያ ሙጂብን ከበጎቹ መሀል አየችው። ትንሽ ወፈር ብሏል። እሷ አስተማሪ ሆና ነበር፤ እሱ ሚስት አግብቶ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዓፊያ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ልብህ እንዴት ነው?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ይመታል።»

በጎቹ በመካከላቸው ተጋፍተው አለፉ።

«ያን ጊዜ አንድም ቀን እኮ አላመሰገን…»

«አትበለኝ» አለች ፈጥና። «እሱን ካልከኝ እኔንም ካዋጡልህ ሰዎች ጋር ትደምረኛለህ።»

ሙጂብ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሳያመሰግናት ሄደ።